ማኅደርና ሶፍትዌር፦ ትላልቅ ተቋማት ሰነዳቸውን እንዴት ይያዙ?

በአቃቂ ቃሊቲ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለአካባቢው ተቋማት ባለሙያዎች የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ ሙሉ ቃል



የዛሬው ርእሴ የተቋማት ይዘት አስተዳደር ሶፍትዌር ነው። ስሙ ረዥምና ደረቅ ቢመስልም ጉዳዩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ «ማኅደሩ አልተገኘም፤ ሰኞ ተመለሱ» ከተባላችሁ የዛሬው ርእስ ከእናንተ ጋር ቀድሞ ተዋውቋል። ይህንን ገለጻ በአቃቂ ቃሊቲ ለማቅረብ መምረጤም ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ክፍለ ከተማ ከጥንቱ የባቡር መሥመር ጀምሮ የፋብሪካ፣ የመጋዘንና የጉምሩክ ሠፈር ነው። ጨርቃ ጨርቅ፣ ብረታ ብረት፣ መለዋወጫ ዕቃ የሚመረትበት፣ የገቢ ዕቃ የሚፈተሽበት ቦታ ነው። ብዙ ሠራተኛ፣ ብዙ ጭነት፣ ብዙ ይዞታ ባለበት ሁሉ ብዙ ወረቀት አለ።

በመጀመሪያ ቃሉን እናብራራ። ይዘት የምንለው በረድፍና በዓምድ ተሰድሮ የማይገባውን መረጃ ነው፤ ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ውል፣ የምሕንድስና ንድፍ፣ ፎቶግራፍ፣ የኢሜይል ልውውጥ። የሠራተኛው የወር ደመወዝ በዳታቤዝ ይቀመጣል፤ ደመወዙ እንዲስተካከል የተወሰነበት ደብዳቤ፣ ውሳኔውን የወለደው ቃለ ጉባኤ፣ ሠራተኛው ያቀረበው ቅሬታ ግን ይዘት ናቸው። ሶፍትዌሩ አንድን ሰነድ ከተጻፈበት ወይም ከገባበት ሰዓት አንሥቶ እስኪወገድ ወይም ወደ ቤተ መዛግብት እስኪተላለፍ ድረስ ይከታተላል። ይመዘግባል፣ ይመድባል፣ ለሚመለከተው ሠራተኛ ያደርሳል፣ ማን እንዳየውና ማን እንዳሻሻለው ይጽፋል፣ ማየት የማይገባውን ሰው ይከለክላል፣ የመቆያ ጊዜው ሲያበቃ ያስታውቃል።

በዓለም ገበያ የታወቁት ምርቶች ዕድሜያቸው ከአንድ ትውልድ ብዙም አይበልጥም። ፋይልኔት እ.ኤ.አ. በ1982፣ ዶኩመንተም በ1990፣ ኦፕን ቴክስት በ1991 ተመሠረቱ። (የቋንቋ ተማሪዎች በመካከላችን ስላሉ ልጥቀሰው፤ ኦፕን ቴክስት የበቀለው በካናዳ ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ የኦክስፎርድን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በኮምፒዩተር ለመፈተሽ ከተደረገ ጥናት ነው።) የማይክሮሶፍት ሼርፖይንት በ2001፣ ኮዱ ለሕዝብ ክፍት የሆነው አልፍሬስኮ በ2005 ተከተሉ። የገበያ አጥኚው ጋርትነር በ2017 የዘርፉን ስም «የይዘት አገልግሎቶች» ብሎ ለወጠው፤ ሥራው ግን ያው ነው።

ክርክሬን አሁኑኑ ላስቀምጥ። የሶፍትዌሩ ዋና ሀብት በሰነዶች መካከል ያለውን ዝምድና መጠበቁ ነው። ይህን ዝምድና የእኛ መዝገብ ቤቶች በወረቀት ሲጠብቁት ኖረዋል። ዛሬ «ዲጂታል ሆንን» በሚል ስም የሚካሄዱ የስካን ዘመቻዎች ግን ወረቀቱን ከኮምፒዩተር አስገብተው ዝምድናውን በደጅ ይተዉታል።

እንግዲህ መዝገብ ቤት ምን እንደሚሠራ እንመልከት። ለወጣቶቹ ተማሪዎች ብዬ በዝርዝር እሄዳለሁ፤ አንጋፋዎቹ ይታገሡኝ። አንድ ደብዳቤ ወደ መሥሪያ ቤት ሲመጣ በገቢ መዝገብ ላይ ቁጥር፣ ቀን፣ የላኪ ስምና ጉዳዩ ይጻፋል። ከዚያ ወደ ኃላፊው ይቀርባል። ኃላፊው በኅዳጉ ላይ በእጁ «ለሰው ሀብት፦ ታይቶ አስተያየት ይቅረብበት» ብሎ ይመራዋል፤ ይፈርማል፣ ቀን ያስቀምጣል። የሰው ሀብት ኃላፊ ደግሞ ከሥር ለባለሙያው ይመራዋል። ባለሙያው መልስ ያረቃል፤ ረቂቁ ታርሞ ይመለሳል፤ ንጹሑ ተፈርሞ የወጪ ቁጥር ያገኛል፤ ማኅተም ያርፍበታል፤ ግልባጭ ለሚገባው ይከፈላል፤ ተላላኪው በማስረከቢያ መዝገብ አስፈርሞ ያደርሰዋል። የቀረው ቅጂ ከገቢው ደብዳቤ ጋር ተያይዞ በማኅደሩ ውስጥ ይታሰራል።

በዚህ ሂደት ውስጥ ሁለት ነገሮች ላይ እንድታተኩሩ እፈልጋለሁ። አንደኛው ምሪቱ ነው። በኅዳጉ ላይ ያለው ባለ አንድ መሥመር የእጅ ጽሑፍ ጉዳዩን ማን አየው፣ መቼ አየው፣ ምን አዘዘ ለሚለው ጥያቄ ብቸኛው መልስ ሆኖ ይገኛል። ደብዳቤው የላኪው ቃል ሲሆን ምሪቱ የተቀባዩ ተግባር ነው። ይህ ዐይነቱ ማስረጃ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለማወቅ የቀይ ሽብርን የፍርድ ሂደት ማስታወስ ይበቃል። ልዩ ዐቃቤ ሕግ ካቀረባቸው ማስረጃዎች መካከል የደርግ ቢሮክራሲ ራሱ ያዘጋጃቸው፣ የፈረመባቸውና ጠርዞ ያስቀመጣቸው ጽሑፎች ትልቅ ቦታ ነበራቸው፤ የጥፋተኝነት ውሳኔውም በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ተሰጠ። ጽሑፎቹ ተነቃቅለው፣ ቁጥርና ፊርማ አልባ ሆነው ቢገኙ ኖሮ ማን ምን እንዳዘዘ ለማሳየት ባልበቁም ነበር።

ሁለተኛው ከምሪቱም የረቀቀ ነው። የእኛ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አከፋፈት ምን እንደሚል ታውቃላችሁ፤ «በቁጥር ይህን ያህል፣ በቀን ይህን ያህል በተጻፈ ደብዳቤ እንደተገለጸልን…» ይላል። ተማሪዎች ይህንን ስልቹ የቢሮክራሲ ቋንቋ አድርገው ያዩታል። እኔ ግን ኢንተርኔት ከመምጣቱ በፊት የነበረ ማገናኛ አድርጌ አየዋለሁ። እያንዳንዱ ደብዳቤ አባቱን ይጠራል፤ አባቱም አያቱን። አንድ ጥሩ ሶፍትዌር ይህን አከፋፈት አንብቦ ሁለቱን ሰነዶች ማያያዝ ቢችል፣ የአንድ ጉዳይ ሙሉ የዘር ሐረግ በአንድ ገጽ ላይ በታየን ነበር። እስካሁን ተሠርቶ ያየሁት የውጭ ምርት ይህን ከፋብሪካው ይዞ አይመጣም፤ እኛ ልንጨምርበት የምንችለው ነገር ነው፤ ለማስተርስ ተማሪ ደግሞ ጥሩ የመመረቂያ ርእስ ነው።

የመዛግብት ዝምድና አስተሳሰብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን የጉልት ስጦታን በተራ ብራና ላይ ጽፈው አላስቀመጡም፤ በወንጌል መጽሐፍ ባዶ ገጾች ላይ ነበር የሚያስጽፉት። የሽመዛና ደብረ ሊባኖስ የወርቅ ወንጌል ከንጉሥ ላሊበላ ዘመን ጀምሮ የተሰጡ ጉልቶችን የያዘ ነው። ወንጌሉ አይሸጥም፣ አይጣልም፣ በድብቅ አይፋቅም፤ ብዙ ዐይን ያየዋል። በዛሬ ቋንቋ ብንለው፣ የታመነ ማከማቻ መርጠዋል ማለት ነው።

አሁን ወደ አካባቢያችን እንመለስና አንዲት የሽመና ሠራተኛ እናስብ። ምሳሌ ናትና ስም አልሰጣትም፤ እንደ እርሷ ያሉ ግን በዚህ ክፍለ ከተማ በየመንደሩ አሉ። በ1982 ዓ.ም. በ20 ዓመቷ በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጠረች። ፋብሪካው በ1967 ዓ.ም. ከተወረሱት አንዱ ነበር፤ ከሥርዓት ለውጡ በኋላ ወደ ግል ዞረ፤ ስሙ ተለወጠ፤ ባለቤቱም ሌላ ሆነ። የሠራተኛዋ ማኅደር የሕይወት ታሪክ ቅጽ፣ የቅጥር ደብዳቤ፣ የደረጃ ዕድገት፣ የሕመም ፈቃድ፣ የዝውውር ማስታወሻ፣ አንድ ሁለት ማስጠንቀቂያ ይዟል። በ2022 ዓ.ም. 60 ዓመት ይሞላታል። የጡረታ አበል ለማግኘት ዕድሜዋንና ከ10 ዓመት የማያንስ አገልግሎቷን ማረጋገጥ አለባት። ዕድሜዋ የሚታየው መጀመሪያ ስትቀጠር ባስመዘገበችው የልደት ዘመን ነው። ስለዚህ ከማኅደሩ ሁሉ በላይ ወሳኙ ሰነድ ያ ከታች የታሰረው፣ ቀለሙ የደበዘዘው፣ በካርቦን የተጻፈው የመጀመሪያው ቅጽ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። በ20 ዓመቷ የተከፈተ ማኅደር እስከ 60 ዓመቷ ማለትም 40 ዓመት ይቆያል። ከዚያ በኋላ አበሉ እስከ ሕይወቷ ፍጻሜ ይከፈላል፤ ከእርሷም በኋላ ተተኪዎች መብት አላቸው። ማኅደሩ 70 ዓመት መኖር አለበት ብንል አላጋነንም። ስለ ሶፍትዌር ስንነጋገር መለኪያችን ይህ ነው፤ 70 ዓመት።

አንድ ስሙን የማላነሣው ድርጅት በአንድ ክረምት የሠራተኞቹን ማኅደሮች ስካን ሲያስደርግ የማየት ዕድል ነበረኝ። ማሽኑ ወረቀቱን በቶሎ እንዲውጥ ማሠሪያው ተፈታ፣ ስፒሉና ክላምፑ ወጣ። የፊት ገጹ ብቻ ተነሣ፤ ብዙ ምሪት የሚጻፈው በጀርባ መሆኑን ማንም ለኦፕሬተሮቹ አልነገራቸውም። ፋይሎቹ ማሽኑ በሰጣቸው ተራ ቁጥር ተሰየሙ። ሥራው ሲያልቅ የገጹ ብዛት ተቆጥሮ ክፍያ ተፈጸመ፤ በሪፖርቱም ላይ «ማኅደሮቹ ወደ ዲጂታል ተለውጠዋል» ተባለ። ከዚያ በኋላ የአንዲትን ሠራተኛ ሰነድ ለማግኘት ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ከፍቶ ማየት ግድ ሆነ። ወረቀቱን የሚያውቁት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ከመደርደሪያው በሁለት ደቂቃ ያወጡት የነበረው ነው። ክፍያ በገጽ ብዛት ሲታሰብ ውጤቱ ገጽ ብቻ ይሆናል፤ በውሉ ላይ «በማኅደር ቁጥርና በሰነድ ዐይነት ተፈልጎ የተገኘ» የሚል መለኪያ ቢኖር ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር።

እስካሁን የተናገርኩት በአንድ ተቋም ውስጥ ስላለው ነው። ተቋሙ ራሱ ሲፈርስና ሲሠራ ምን ይሆናል? የአዲስ አበባን መዋቅር አስታውሱ። ከተማዋ በ6 ዞን፣ በ28 ወረዳና በ305 ቀበሌ ተከፍላ ነበር። በ1995 ዓ.ም. ዐሥር ክፍለ ከተሞች ተቋቋሙ፤ ቀበሌዎቹ ተጨፈለቁ፤ ቆየት ብሎም ወረዳ ሆኑ። በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ ዐሥራ አንደኛ ሆና ተጨመረች። በ2014 ዓ.ም. ከኦሮሚያ ክልል ጋር በተደረገው የወሰን ስምምነት ደግሞ በዚህ በደቡቡ በኩል የነዋሪዎች አስተዳደር ከአንዱ ወደ ሌላው ተዛወረ። አቃቂ ራሷ በአንድ ወቅት ከአዲስ አበባ የተለየች የባቡር ጣቢያ ከተማ ነበረች። የነዋሪው ቤት ግን ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ማኅደሩ ነው በየጊዜው በማዳበሪያ ተቋጥሮ በፒክ አፕ የተጓዘው።

በዚህ ላይ የደብዳቤ ቁጥራችን አሠራር ችግሩን ያባብሰዋል። ቁጥሩ የሚጀምረው በመሥሪያ ቤቱ የስም ምሕጻር ነው፤ ከዚያ የክፍሉ፣ ከዚያ ተራ ቁጥር፣ በመጨረሻ ዓመተ ምሕረት። መሥሪያ ቤቱ ስሙን ሲለውጥ የቁጥሩ ሰንሰለት ይበጠሳል፤ ሶፍትዌሩም ፎልደሮቹን በዚያው በክፍሎች ስም ካደራጀ አብሮ ይበጠሳል። የመዛግብት አያያዝ ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ወጥቶ በ2016 የተሻሻለው አይ.ኤስ.ኦ 15489፣ መዛግብት ከሚያገለግሉት ተግባር ጋር እንዲተሣሠሩ ይመክራል። ይዞታ መመዝገብ፣ ሠራተኛ መቅጠር፣ ግብር መሰብሰብ ተግባራት ናቸው፤ ሥራውን ዛሬ ዞኑ፣ ነገ ክፍለ ከተማው፣ ከነገ ወዲያ ወረዳው ቢሠራውም ተግባሩ ስሙን አይለውጥም። በብዙ አገሮች ይህ የባለሙያዎች ምርጫ ነው፤ መዋቅር በየጥቂት ዓመቱ በሚለወጥበት በእኛ አገር ግን የህልውና ጉዳይ ነው እላለሁ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 ለእያንዳንዱ ቁራሽ መሬት መለያ እንዲሰጠው ሲያደርግ ወደዚሁ አቅጣጫ ሄዷል፤ መለያው መሬቱን ይከተላል፣ ወንበሩን አይከተልም።

አሁን ወደ ቋንቋው። እዚህ ላይ ትንሽ ብዘገይ ፍቀዱልኝ፤ የውጭ ሶፍትዌር ሻጮች በማሳያ ስብሰባቸው ላይ ከሁሉ የሚዘሉት ይህንን ነውና።

ፊደላችን ድምፃቸው አንድ የሆነ፣ መልካቸው የተለያየ ሆሄያት አሉት። «ፀሐይ» የምትባል ሴት በአንዱ ሰነድ ፀሐይ፣ በሌላው ጸሀይ፣ በሦስተኛው ፀሃይ ተብላ ትጻፋለች። ዓለሙ አንዳንዴ አለሙ ነው። ወልደ ጊዮርጊስ በሁለት ቃል፣ በአንድ ቃል ወይም «ወ/ጊዮርጊስ» ተብሎ ይገኛል። ሶፍትዌሩ ሆሄ በሆሄ ብቻ የሚያነጻጽር ከሆነ አንዲቱ ሠራተኛ ሦስት ሰው ትሆናለች፤ አገልግሎቷም ለሦስት ይከፈላል። መፍትሔው በመረጃ ጠቋሚው ላይ ሆሄያቱን አቻ አድርጎ መፈለግ ነው። በሰነዱ ላይ ግን ፈጽሞ መነካት የለበትም፤ የተጻፈው እንደተጻፈ ይቆይ፣ ፍለጋው ብቻ ይለዝብ። ይህን ልዩነት የማያውቅ ፕሮግራመር «ለማስተካከል» ብሎ ዋናውን መዝገብ ሲያርም ማስረጃ ያጠፋል። ሌላም አለ፤ አብዛኛው የውጭ ሶፍትዌር የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። የእኛ ሦስተኛ ስም የአያት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም አይደለም፤ በእርሱ ፊደል ተራ የተሰደረ ዝርዝር ወንድምና እኅትን እንኳ አጠገብ ለአጠገብ ቢያስቀምጥ አባትን ከልጁ ያራርቃል። በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 የቆመው የፋይዳ ቁጥር ለወደፊቱ ይህን ችግር ያቃልላል። በ1982 ዓ.ም. የተከፈተው ማኅደር ላይ ግን ፋይዳ ቁጥር የለም፤ የድሮውን ስም ከአዲሱ ቁጥር ጋር የማገናኘት ሥራ የሰው ሥራ ነው።

የቀን አቆጣጠሩ ይበልጥ አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም ስሕተቱ አይጮኽም። በአንድ ደብዳቤ ላይ 30/06/2010 ተጽፏል እንበል። የካቲት 30 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። ኮምፒዩተሩ ግን እንደ ጎርጎርዮሳዊ ቀን ጁን 30፣ 2010 ብሎ ያለ አንዳች ተቃውሞ ይቀበለዋል። ትክክለኛው አቻ ማርች 9፣ 2018 ነው። ልዩነቱ ከ7 ዓመት ከ8 ወር ይበልጣል። ይህ ሰነድ 10 ዓመት እንዲቆይ የተወሰነ ከሆነ ሶፍትዌሩ ሁለት ዓመት ከጥቂት ወር ብቻ አቆይቶ «የመቆያ ጊዜው አብቅቷል፤ ይወገድ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሥራ የበዛበት ሠራተኛም «አዎን» የሚለውን ይጫናል። 30/02/2010 ተብሎ የተጻፈውን ጥቅምት 30 ግን ሶፍትዌሩ አይቀበለውም፤ ፌብሩዋሪ 30 የለምና። 05/13 ተብሎ የተጻፈው የጳጉሜን 5 ደብዳቤም በሩ ላይ ይቀራል። ሠራተኛው ሥራው እንዲያልፍለት ብቻ የውሸት ቀን ያስገባል። ስለዚህ የዘመን አቆጣጠሩ ዐይነት ራሱን የቻለ መስክ ሆኖ ከቀኑ ጋር መመዝገብ አለበት፤ ሰነዱ ላይ የተጻፈው ቀን እንዳለ ይቀመጣል፣ አቻው ጎን ለጎን ይሰላል።

ሦስተኛው የቋንቋ ጉዳይ የፎንት ነው። ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ መሥሪያ ቤቶቻችን ይጽፉ የነበረው የላቲኑን ፊደል ቦታ ተክተው በሚሠሩ፣ እርስ በርሳቸው በማይግባቡ ፎንቶች ነበር። ያኔ የተጻፈ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ቅልቅል ይሆናል። ከ1980ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ በኮምፒዩተር የተጻፈው ደብዳቤያችን ዛሬ ከእጅ ጽሑፉ ይልቅ ለመነበብ የሚያስቸግርበት ምክንያት ይህ ነው። ለእያንዳንዱ ፎንት የመለወጫ ሠንጠረዥ ማዘጋጀት ያስፈልጋል፤ የድሮዎቹን ፎንቶች የሚያውቁ ባለሙያዎችም ወደ ጡረታ እየተቃረቡ ነው።

«ታዲያ የተሳካ ነገር የለም ወይ?» ብትሉኝ አለ እላችኋለሁ፤ ሩቅ ሳንሄድ ቃሊቲ ጉምሩክ አለ። ከጥር 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የኤሌክትሮኒክ ነጠላ መስኮት አስመጪውና አስተላላፊው ከልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች የሚጠየቁትን ፈቃድ በአንድ መግቢያ እንዲያቀርቡ አድርጓል። ይህ ሊሆን የቻለው የጉምሩክ ሰነድ ቅርጹ የታወቀ በመሆኑ ነው፤ ዲክላራሲዮኑ ምን ምን መስክ እንዳለው፣ ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ አስቀድሞ ተወስኗል። ይህን ስኬት አይቶ «የቀረውም እንዲሁ ይሆናል» ማለት ግን ያሳስታል። በዋጋ ትመና ላይ የሚነሣ ክርክር፣ የይግባኝ ልውውጥ፣ የአቤቱታ ደብዳቤ ቅርጽ የላቸውም፤ ይዘት አስተዳደር የሚፈለገው በትክክል ለእነዚህ ነው።

ሕጉን በአጭሩ ልለፈው፤ የሕግ መምህራኖቻችን ከእኔ ይልቅ ያብራሩታል። ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋጅ ቁጥር 179 መሠረት የመንግሥት መዛግብት ጉዳይ የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍትም ጉዳይ ነው። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072 በ2010፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 በ2012፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ወጥተዋል። ስለዚህ «ሕጉ የኮምፒዩተር ሰነድ አይቀበልም» የሚለው የቆየ ማመካኛ ጊዜው አልፎበታል። በተቃራኒው የሠራተኛን የሕመም ፈቃድ የያዘ ማኅደር ለማንም ክፍት በሆነ የጋራ ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥ ከእንግዲህ የሕግ ተጠያቂነት ያስከትላል።

በመጨረሻ ወደ 70 ዓመቱ ሒሳብ ልመለስ። የሽመና ሠራተኛችን በተቀጠረችበት በ1982 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1990 ዶኩመንተም ተመሠረተ። እርሷ ገና ጡረታ ሳትወጣ ዶኩመንተምን በ2003 ኢ.ኤም.ሲ ገዛው፤ በ2016 ኢ.ኤም.ሲን ዴል ጠቀለለው፤ በ2017 ምርቱ ወደ ኦፕን ቴክስት ዞረ። ፋይልኔት በ2006 የአይ.ቢ.ኤም ሆነ። አልፍሬስኮ በ2020 በሃይላንድ ተገዛ። ድርጅቶቹን ለመውቀስ አይደለም፤ ገበያ ነውና ይገዛል ይሸጣል። የእኛ ተቋማት ግን ሶፍትዌር ሲገዙ ብዙውን ጊዜ የሚከራከሩት ስለ መግቢያው ነው፤ ስለ ፈቃድ ዋጋ፣ ስለ ሥልጠና፣ ስለ ሰርቨር። ስለ መውጫው የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

መውጫው በውሉ ላይ መጻፍ አለበት። ሰነዶቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ዓለም አቀፍ ደረጃ በወጣለት ለረዥም ጊዜ ማቆያ በተዘጋጀው የፒ.ዲ.ኤፍ ዐይነት፣ ገላጭ መረጃቸውና ምሪታቸው ደግሞ ሌላ ሶፍትዌር ሊያነበው በሚችል ክፍት ቅርጽ ተገልብጠው የሚወጡበት መንገድ በግዢው ሰነድ ይዘርዘር። ተጽፎ መቀመጡም አይበቃም፤ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ፣ የበጀት ዓመቱ ሲከፈት፣ 100 ማኅደሮች በዕጣ ተመርጠው ከሲስተሙ ይውጡና ሲስተሙ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ይከፈቱ። የገቢው ደብዳቤ፣ በኅዳጉ ያለው ምሪት፣ መልሱና ግልባጩ በቅደም ተከተላቸው ከተገኙ ሲስተሙ ይሠራል። ፈተናውን የሚመሩት የሶፍትዌሩ ሻጭ ወይም የአይ.ቲ ክፍሉ ባይሆኑ እመርጣለሁ፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ትምራው። የትኛው ወረቀት ከየትኛው ቀጥሎ መምጣት እንዳለበት የምታውቀው እርሷ ናትና። ሲስተሙ ሲነደፍም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በኮሚቴው ውስጥ ወንበር ይሰጣት፤ ብዙ ጊዜ የምትጠራው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ለሥልጠና ብቻ ነው።

 ከጉምሩክና ከፋብሪካዎች የመጡ እንግዶቻችን በእጃቸው ያለውን ልምድ ቢያካፍሉን ደስ ይለኛል፤ ጥያቄዎችን ከኋላ ረድፍ እንጀምር።